ባቡር ያልደረሰባት የባቡር ከተማ፦ ስለ ወረታና ስለ ፎገራ ሜዳ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



የዛሬው ገለጻ ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከተለጠፈ ወዲህ ሁለት ሦስት ተማሪዎች ቢሮዬ ድረስ መጥተው «መምህር፣ ርእሱ ላይ ስህተት ሳይኖር አይቀርም፤ ወረታ ባቡር የለም እኮ» ብለውኛል። ስህተት የለም። ወረታ ሐዲድ እንደሌላት አውቃለሁ። ይሁን እንጂ አንድን ትንሽ የባቡር ከተማ ለመጎብኘት የሚያጓጓ የሚያደርገው ሐዲዱ ብቻ ነውን? ወይስ ሐዲዱ ያመጣው ሌላ ነገር? ሐዲዱ ካልሆነ ያ ሌላ ነገር በወረታ አለ ብዬ አምናለሁ። ሊጠፋም ይችላል። ዛሬ በፊታችሁ የቆምኩት ስለ ሁለቱም ለመናገር ነው።

አስቀድሜ ከየት እንደመጣሁ ልንገራችሁ፤ ሚዛኔን እንድታውቁት ያህል ነው። ተወልጄ ያደግሁት ድሬዳዋ ነው። አባቴ በምድር ባቡር የጥገና ሠራተኛ ነበር፤ በእኛ ሰፈር አነጋገር «ሽመንደፈር» ነው የሚሠራ። በቤታችን ቀኑ የሚቆጠረው በባቡሩ ጡሩምባ ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ ትምህርቴን ጨርሼ ወደዚህ ወደ ሰሜኑ ስመደብ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የምሄድበት አውቶቡስ ወረታ ላይ ተበላሸና አደርን። በዚያ ዘመን ወረታ ለእኔ የመንገድ ዳር ቤቶች ድርድር ነበረች፤ መቆሜ አናዶኝ፣ ማንንም ሳላናግር ተኛሁ።

ሊነጋጋ ሲል ግን አንድ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ቱክ፣ ቱክ፣ ቱክ የሚል፣ እያደር የሚፈጥን ድምፅ። ከአልጋዬ ዘልዬ ወጣሁና ያሳደሩኝን እናት «እትዬ፣ ምንድን ነው ይኼ?» አልኳቸው። እሳት እያቀጣጠሉ ነበር፤ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ «ባቡር ነዋ፣ ልጄ!» አሉኝ። ጫማዬን በቅጡ ሳላስር ወደ ድምፁ ሮጥሁ። የደረስኩበት የእህል ወፍጮ ነበር። እናቶች ጆንያቸውን አስቀምጠው ተራ ይዘዋል፤ ዱቄቱ በሩ ላይ እንደ ጉም ተንሳፏል።

በዚህ አገር ወፍጮው «ባቡር» እንደሚባል ያን ቀን ተማርኩ። በቋንቋችን «ባቡር» የሚለው ቃል አስቀድሞ የሞተር ሁሉ ስም ነበር። ዐፄ ምኒልክ ዘንድ የደረሰው በእንፋሎት የሚሄድ የመንገድ ሞተር «የሰርኪስ ባቡር» የተባለው፣ አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ስላስመጣው ነው። የሐዲዱን ባቡር ለመለየት ነው «የምድር ባቡር» ያልነው። እንግዲህ ወረታ ባቡር አላት፤ የምድር ባቡር ነው የሌላት። ተማሪዎቼ ይቅር ይበሉኝ።

፩. የባቡር ከተማ እንዴት ይወለዳል?

ጉዳዩን ከመሠረቱ እንጀምር። ዐፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራውን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሣ፤ በ1895 ዓ.ም. ከሐረር ተራሮች ግርጌ ደረሰ። በመጀመሪያው ሐሳብ ሐዲዱ ሐረር ከተማ መግባት ነበረበት። ነገር ግን ባቡር ተራራ ይፈራል። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ የሚሽከረከረው በጥቂት ሰበቃ ነው፤ በሜዳ ላይ ብዙ ሸክም በትንሽ ኃይል እንዲጎትት የሚያስችለው ይኸው የሰበቃው ማነስ ነው፤ ዐቀበት ላይ ሲደርስ ግን ያው ጥቅሙ ድካም ይሆንበታል፣ ይንሸራተታል። ስለዚህ ወደ ሐረር መውጣቱ ቀርቶ ከሥሩ፣ በሜዳው ላይ፣ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። ስሙን «አዲስ ሐረር» ብለውት ነበር፤ ሕዝቡ ግን ድሬዳዋ አለው። ከደቻቱ አሸዋማ ወንዝ ወዲህ በቀጥታ የተሠመሩ፣ በዛፍ የተሸፈኑ የከዚራ ጎዳናዎች፣ ከወንዙ ማዶ ደግሞ የመጋላ ጥምዝምዝ መንገዶች፤ ሁለቱም የተገኙት ባቡሩ ዐቀበቱን ስላልደፈረ ነው።

ሐዲዱ አዲስ አበባ ለመድረስ ሌላ አሥራ አራት ዓመት ፈጀ፤ በ1909 ዓ.ም. ገባ። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ያለው ወደ 780 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ጉዞ በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ሦስት ቀን ይወስድ ነበር፤ ሌሊት ሌሊት ባቡሩ አይሄድም። መንገደኛው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ ያድራል። በአዋሽ ጣቢያ አጠገብ የተሠራው፣ እስከ ዘመናችን «ቡፌ» እየተባለ የሚጠራው ማረፊያ የተወለደው ከዚህ ነው። መንገደኛው በረንዳው ላይ ተቀምጦ ራቱን ይበላል። አካባቢው የአዋሽ ወንዝ ገደልና የፈንታሌ ተራራ አገር ነው። በማግስቱ ይሄዳል። ከተማዋ ግን በእነዚያ ባደሩት ሰዎች ላይ ቆመች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የእንፋሎት ሞተር በየተወሰነው ርቀት ውኃ መጠጣት አለበት፤ ሠራተኛውም ማረፍ አለበት፤ ጨለማም አለ። እነዚህ ሦስቱ የማሽኑ ድክመቶች ናቸው። የአዋሽ፣ የአፍደም፣ የኤረር፣ የሚኤሶ ጣቢያዎች የተተከሉት በማሽኑ ፍጥነት አይደለም፤ በማሽኑ ድክመት ነው። ሞተሩ በቆመበት ሰው ወረደ፤ ሰው በወረደበት ሻይ ፈላ፤ ሻይ በፈላበት ወሬ ተለዋወጡ፤ ሶማሊው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩ፣ አማራው፣ ዐረቡ፣ ግሪኩ ጎን ለጎን ቆሞ ዕቃ አራገፈ። የባቡር ከተማ ውበቱ፣ እኔ እንደሚገባኝ፣ መንገደኛን የግድ የሚያስቆም፣ የቆመውን ከማያውቀው ሰው ጋር የሚያቀላቅል፣ ደግሞም በቆመበት ቦታ ቀና ብሎ ተራራ እንዲያይ ጊዜ የሚሰጥ መሆኑ ነው። መቆም፣ መቀላቀል፣ ቀና ማለት። ዛሬ የምለው ሁሉ በእነዚህ ሦስት ቃላት ላይ ይዞራል።

፪. ሐዲድ ወደዚህ ለምን አልመጣም?

ከወረታ ወደ ምሥራቅ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ብትወጡ ደብረ ታቦርን ታገኛላችሁ፤ ከደብረ ታቦር አጠገብ ደግሞ ጋፋት አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ ሠራተኞቻቸውን ሰብስበው መድፍ ያስቀለጡበት ቦታ ነው። ሴባስቶፖል የተባለው ታላቁ መድፍ የተሠራው እዚያ ነው፤ ክብደቱ ሰባት ቶን ገደማ እንደሆነ ይነገራል። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፎቻቸውን በሠረገላ ጭነው፣ በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። መንገድ አልነበረም። መንገዱን ዐለት እየፈለጡ፣ ገደል እየደለደሉ፣ ራሳቸው ንጉሡም ድንጋይ እያነሡ እየሠሩት ሄዱ። ያ ጉዞ አምስት ወር ያህል ፈጀ።

በዚያው ወራት፣ በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ በዙላ፣ የጄኔራል ናፒየር ጦር ከህንድ ባስመጣቸው ሞተሮችና ሐዲዶች ከባሕሩ ወደ ተራራው ግርጌ አጭር የባቡር መስመር ይዘረጋ ነበር። ርዝመቱ ሃያ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ዘመቻው ሲያበቃ ተነቅሏል። ነገሩን አብራችሁ እዩት፤ በአንዱ ጫፍ ሰው በትከሻው መድፍ ይጎትታል፤ በሌላው ጫፍ እንፋሎት የጦር ስንቅ ይጎትታል። ያም ባቡር ቢሆን ተራራው ግርጌ ሲደርስ ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ ሸክሙ በበቅሎ፣ በግመልና በዝሆን ነው የወጣው። ባቡር ተራራ ይፈራል ያልኳችሁ ለዚህ ነው። አንድ ነገር ግን ከዚያ ዘመን ተርፏል። ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በጋይንት በኩል ወደ ምሥራቅ የሚወጣው አቅጣጫ ከመቶ ዓመት በኋላ እንደገና መንገድ ሆነ።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ቻይናን ጎብኝተው ከተመለሱ በኋላ በተደረገው የትብብር ስምምነት፣ ቻይናውያን ከወረታ እስከ ወልድያ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚደርስ መንገድ ለመሥራት ተስማሙ። ሥራው በደርግ ዘመን ተከናወነ። ከወረታ ይነሣል፤ ደብረ ታቦርን፣ ክምር ድንጋይን፣ ነፋስ መውጫን ያልፋል፤ ጋሸና ላይ ወደ ላሊበላ ይገነጠላል፤ ከዚያ ወደ ወልድያ ይወርዳል። ሕዝቡ እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ወረታ እንደዛሬው ያለች ከተማ የሆነችው በዚህ መንገድ ነው። ከዚያ በፊት ከባሕር ዳር ጎንደር የሚያልፈውን መንገደኛ ብቻ ታይ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን መገንጠያ ሆነች። ባሕር ዳር ወደ ደቡብ ስድሳ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ጎንደር ወደ ሰሜን የዚያ እጥፍ፣ ወልድያ ወደ ምሥራቅ። መገንጠያ ላይ መንገደኛ ይወርዳል፤ መኪና ይለውጣል፤ ይጠብቃል። እነሆ መቆም፣ እነሆ መቀላቀል። ሐዲድ ለአዋሽ ያደረገውን ሁሉ መገንጠያ ለወረታ አድርጎላታል።

፫. ተራራው ሜዳውን እንዴት ሠራው?

ሦስተኛው ቃል ቀና ማለት ነበር። ወረታ መናኸሪያ ቆማችሁ ፊታችሁን ወደ ምሥራቅ ብታዞሩ፣ ሰማዩ ከጠራ፣ የጉናን ተራራ ታያላችሁ። ከአራት ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ ከላይ ጅብራ የሚበቅልበት፣ ጓሳ ያለበት ውርጫማ አገር። እናንተ የቆማችሁበት ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ነው። በመካከላቸው ያለው የከፍታ ልዩነት ከሁለት ሺህ ሜትር ይበልጣል፤ የፎገራ ታሪክ ሁሉ በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው።

ርብና ጉማራ ሁለቱም ከጉና ይነሣሉ። ክረምት ሲገባ ከተራራው የሚወርደው ውኃ አፈር ተሸክሞ ይወርዳል፤ በዐቀበቱ ላይ ሳለ ፈጣን ስለሆነ የያዘውን አይለቅም፤ ሜዳው ላይ ሲደርስ ግን ፍጥነቱ ይሞትበታል፣ ሸክሙንም ያስቀምጣል። ይህ በየዓመቱ፣ ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲደጋገም፣ ከጣና ምሥራቃዊ ዳር እንደ ሰፌድ የተዘረጋ የጥቁር ዋልካ ሜዳ ሆነ። ውኃው ቶሎ አይሰርግም፤ አይፈስም። ስለዚህ ፎገራ በክረምት ሐይቅ ይመስላል፤ በጥቅምትና በኅዳር አረንጓዴ ይሆናል፤ በበጋ አፈሩ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል።

የዚህ ሜዳ ሰው ከውኃው ጋር መኖርን ተምሯል። የፎገራ ከብት የሚባለው፣ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር መልክ ያለው፣ በወተቱ የታወቀው ዝርያ የዚህ ሣር ውጤት ነው። ጎርፉ ሲሸሽ ገበሬው በተረፈው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል። በደርግ ዘመን ደግሞ አዲስ ነገር መጣ። የሰሜን ኮሪያ የግብርና ባለሙያዎች ውኃ የሚተኛበትን ይህን መሬት አይተው በጅግናና በአካባቢው በነበሩ የገበሬ ማኅበራት ሩዝ አስሞከሩ። «ኤክስ ጅግና» የሚለው የሩዝ ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያች ቀበሌ ነው። በመጀመሪያ ገበሬው ተጠራጠረ፤ እንጀራ የማይሆን እህል ምን ያደርግለታል? በኋላ ግን ሴቶች ከጤፍ ጋር ደባልቀው ጋገሩት፤ ነጭና ለስላሳ እንጀራ ወጣው። ከዚያ ወዲያ ሩዝ ሜዳውን ወረሰ፤ «ነጭ ወርቅ» የሚል ስምም ወጣለት። የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫውን እዚህ ያደረገው በዚሁ ምክንያት ነው። ያን ንጋት የሰማሁት «ባቡር» ዛሬ ብዙ ወንድሞች አሉት፤ ከዱቄት ወፍጮው ሌላ የሩዝ መፈተጊያው ድምፅ ከተማውን ይሞላዋል።

፬. አንድ ቀን በወረታ

ጎብኚ አንድ ቀን ቢኖረው ምን ያድርግ? እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ።

በማለዳ መናኸሪያው እሄዳለሁ። ረዳቶች «ደብረ ታቦር! ጋሸና! አዲስ ዘመን!» እያሉ ሲጣሩ መስማት የካርታ ትምህርት ነው። ከደጋ የመጣው ሰው በጋቢው ይታወቃል፤ ከሐይቁ ዳር የመጣው የዓሣ ጭነቱን ይዟል፤ ነጋዴው ሽንኩርትና ሩዝ በአይሱዙ ያስጭናል። ቁርሴን ከሩዝና ከጤፍ በተጋገረ እንጀራ እበላለሁ። ቀጥዬ ወደ አንዱ የሩዝ መፈተጊያ ጎራ እላለሁ። ገለፈቱ እንደ ወርቅ ክምር ውጭ ተቆልሏል፤ ባለ ማሽኑን «እንደምን ዋልክ ወንድሜ፣ ዘንድሮ እንዴት ነው?» ካላችሁት ስለ ዋጋውና ስለ ዝናቡ ከማንኛውም ጽሑፍ የሚበልጥ ያስረዳችኋል።

ከዚያ በደብረ ታቦር መንገድ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ወጥቼ አውራምባን እጎበኛለሁ። በ1964 ዓ.ም. በአቶ ዙምራ ኑሩ አሳቢነት የተመሠረተው ይህ ማኅበረሰብ ሥራን ለወንድና ለሴት ብሎ አይከፍልም፤ ሴት ታርሳለች፣ ወንድ ይፈትላል። ለአረጋውያን የሚጦሩበት ቤት አላቸው። በሸማ ሥራቸው የታወቁ ናቸው፤ እንግዳም ያስተናግዳሉ። እዚያ የሄዱ ተማሪዎቼ ሁሉ ሲመለሱ ሲከራከሩ ይመለሳሉ፤ ለመምህር ከዚህ የሚበልጥ ደስታ የለም።

ከሰዓት በኋላ በጎንደር መንገድ ወደ ርብ ድልድይ እወጣለሁ። ወንዙ በበጋ ያፍራል፤ ቀጭን ነው። ግራና ቀኙን ያለውን የደለል ግንብ ስታዩ ግን በክረምት ምን እንደሚሆን ይገባችኋል። ጊዜ ያለው ከአዲስ ዘመን አልፎ ወደ እንፍራንዝ ቢዘልቅ፣ ከጎንደር ግንቦች በፊት የተሠራውን፣ የዐፄ ሠርጸ ድንግል ነው የሚባለውን የጉዛራን ግንብ ከኮረብታው ላይ ያያል፤ ከዚያ ሆኖ ጣናንና ሜዳውን ቁልቁል መመልከት ይቻላል። ፀሐይ ሐይቁ ላይ ስትጠልቅ ከወረታ ወደ ምሥራቅ መዞር አለባችሁ፤ ጉና በዚያ ሰዓት ሐምራዊ ይሆናል። በድሬዳዋ ልጅነቴ ባቡሩ ሲገባ የምናየው የሐረር ተራሮች ቀለም ይኸው ነበር።

ያለፉት ዓመታት ጉዞን እንዳከበዱብን አውቃለሁ። የምናገረው ሰው ያለ ሥጋት የሚንቀሳቀስበት ቀን ሲመለስ የምንሠራውን ነው። እስከዚያው ግን የሚጠፋው ነገር ሰላምን አይጠብቅም፤ ወደዚያ ልለፍ።

፭. ሊጠፋ የሚችለው

በብሔራዊ የባቡር መረብ ዕቅድ ወረታ ተራ ነጥብ አይደለችም። አንዱ መስመር ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በባሕር ዳርና በወረታ ወደ ወልድያና ሠመራ ያልፋል፤ ሌላው ከወረታ ተነሥቶ በአዘዞ ወደ መተማ ይሄዳል። በወረቀቱ ላይ ወረታ የሁለት ሐዲዶች መገናኛ ናት። ደረቅ ወደቡም እዚሁ ነው። ባቡሩ መቼ እንደሚመጣ አልተነብይም። ከአዋሽ ወልድያ የተጀመረው መስመር በጦርነቱ ምን እንደደረሰበት ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዳሩ ግን ዕቅድ የሆነ ነገር አንድ ቀን ሥራ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ለመናገር ደግሞ ይዘገያል።

የምፈራውን ከድሬዳዋ ልንገራችሁ። የድሮው ባቡር ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ቆመ። አዲሱ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ለአገር ታላቅ ሥራ ነው፤ በዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም። ነገር ግን አዲሱ ባቡር ውኃ አይጠጣም፤ ሌሊት አይፈራም፤ ጣቢያውም ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የተሠራው። መንገደኛው ከጣቢያው ወጥቶ ከዚራ ጥላ ሥር አይገባም። አባቴ በመጨረሻ ዘመኑ በአሮጌው ጣቢያ አጥር ላይ ተደግፎ ይቆም ነበር። «ባቡሩ መጣ፣ ከተማው ቀረ» አለኝ አንድ ቀን። ምሬት አልነበረውም፤ እንደ ጥገና ሠራተኛ ብልሽቱን ነው የነገረኝ።

እንግዲህ ወረታ ላይ ይህ እንዳይሆን የምለው አንደኛው ነገር ይህ ነው፦ የጣቢያ ቦታ የሚመረጠው በመሐንዲስ ሒሳብ ብቻ አይሁን። ሜዳው ለሐዲድ የተመቸ ነው፤ ጎርፉ ግን አይደለም፤ ስለዚህ ጣቢያው ወደ ከፍታው ቢርቅ ምክንያት ይኖረዋል። ያም ቢሆን መንገደኛውን ወደ ገበያውና ወደ መናኸሪያው የሚያደርስ የእግርና የባጃጅ መንገድ ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ይታቀድ። ከተማውን የሚዞር አቋራጭ መንገድ ሲታሰብም ያው ጥያቄ ይነሣ፦ መንገደኛው የት ይቆማል?

ሁለተኛው ሜዳው ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የሆነውን አልረሳም። በሐምሌ ማብቂያ ሌሊት ላይ ደቻቱ ድሬዳዋን መታ፤ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። እኔ እዚህ ነበርኩ፤ ስልክ አልያዝ ብሎኝ ሁለት ቀን ቤተሰቤ በሕይወት መኖሩን ሳላውቅ ቆየሁ። ብዙም ሳይቆይ በዚያው ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ፎገራን አጥለቀለቁ፤ ብዙ ሺህ ሕዝብ ተፈናቀለ። ሁለቱ ጎርፎች አይመሳሰሉም። የደቻቱ ጎርፍ ከተራቆተ ተራራ በሰዓታት ወርዶ የሚያልፍ ነው፤ የፎገራው ቀስ ብሎ የሚወጣና ሣምንታት የሚተኛ ነው። መነሻቸው ግን አንድ ነው፤ ሁለቱም ተራራው ላይ ነው የተጀመሩት። የጉና ጓሳና ዛፍ ሲመነጠር ውኃው በአንድ ጊዜ ይወርዳል፣ ደለሉም የወንዙን ሆድ ይሞላዋል። ቀድሞ ሸሸርና ወላላ የሚባሉት ረግረጎች የተረፈውን ውኃ እንደ ስፖንጅ ይይዙት ነበር፤ በበጋም ከአውሮፓ የሚመጡ ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች ያርፉባቸው ነበር። ዛሬ ዙሪያቸው እየታረሰ፣ ውኃቸው ለመስኖ እየተሳበ ጠበዋል። ሩዙ የግጦሹን ሣር ሲወስድ የፎገራ ከብትም መሬት አጣ፤ ዝርያውን ከመደባለቅ ለማዳን በአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ሥራ ይሠራል። ገበሬውን አልወቅስም፤ ሩዝ ልጆቹን አስተምሮለታል። ነገር ግን ከብቱ፣ ረግረጉና ተራራው የጎብኚ ማስዋቢያ ብቻ አይደሉም፤ የሩዙም ዋስትና ናቸው። ውኃ የሚይዝ ሲጠፋ ውኃው ሩዙን ነው የሚወስደው።

ሦስተኛው ትዝታ ነው። በቻይና መንገድ ላይ የሠሩ ወጣቶች ዛሬ አረጋውያን ናቸው። የመጀመሪያውን ሩዝ የዘሩ ገበሬዎች፣ የመጀመሪያውን የሩዝ እንጀራ የጋገሩ እናቶችም እንዲሁ። በድሬዳዋ የባቡሩ ሠራተኞች ፈረንሳይኛ የተቀላቀለበት የሙያ ቋንቋቸውን ይዘው እየሞቱ ነው፤ አባቴም የዚያን ቋንቋ አንድ መዝገብ ያህል ይዞ ሄደ፤ እኔ ልጁ፣ ዶክተሩ፣ አልመዘገብኩትም። ይህን በአደባባይ የምናገረው ለመጸጸት አይደለም፤ እናንተ እንዳትደግሙት ነው። በዚህ ዓመት ለሁለተኛ ዲግሪም ሆነ ለመጀመሪያ ዲግሪ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች፣ ድምፅ መቅጃ ይዛችሁ ወረታ ውረዱ። «አባቴ፣ መንገዱ ሲሠራ እንዴት ነበር?» ብላችሁ ጀምሩ። ከዚያ በኋላ ዝም በሉ፤ ሥራው መስማት ነው።

ላጠቃልል። «ወረታ» የሚለው ቃል በቋንቋችን ለውለታ የሚከፈል ምላሽ ነው። የከተማዋ ስም ከዚህ መጣ አልልም፤ ቃሉ ግን ይጠቅመኛል። ያን ሌሊት ያሳደሩኝ እናት ለአልጋው የከፈልኳቸውን ብር ጠዋት ላይ መልሰው «መኪናው ነው ያሳደረህ፤ እኔ አይደለሁ» ብለውኝ ነበር፤ ቁርስም አበሉኝ። ለሠላሳ ዓመት ያህል በዚያች ከተማ በኩል ሳልፍ ብዙውን ጊዜ አልቆምኩም። የዛሬው ገለጻ የዚያ ብር ምላሽ እንዲሆንልኝ አስቤ ነው የጻፍኩት።

 ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።